ልጄ ጠጥቶ አልነበረም

ኅዳር 3 ቀን

ለጋዜጤ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ሕፃኗ እንዴት ናቸው? ፈጣሪ በሰው አገር ጥላ ይሁናችሁ፤ ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው። እኔ አለሁ። ደብዳቤ ሲጀመር ደህና ነኝ ተብሎ ነው፤ ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁና አለሁ የሚለውን ጻፍኩ።

ሰው ነግሮህ እንደሆነ አላውቅም። ቀጮ ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሞተ። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ቁጥርህን ጀምሬ ተውኩት። እናትህ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ለትምህርት እኔ ዘንድ ባስቀመጠችህ ጊዜ ከአንተ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኛ የነበረው፣ በእንቅልፉ እየተራገጠ መሬት የሚያወርድህ ልጄ፣ እሱ ነው የሞተው። ሌላ ልጅ እንደሌለኝ ታውቃለህ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ባነር ይሰቅላል። በምርጫው ሰሞን ሥራ በዝቶለት ነበር። የመምህሩንም ይሰቅላል፣ የሲሚንቶውንም ይሰቅላል። መምህሩ ያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዕጩ ነው። ሲሚንቶው የምንለው ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያለውን ሌላውን ዕጩ ነው። ቀጮ ማታ ሲገባ «እማ፣ ሲሚንቶው ይከብዳል፣ መምህሩን ደግሞ ንፋስ ይወስደዋል» ይለኝ ነበር። ስለ ጨርቁ ነው የሚያወራው።

የዚያን ቀን ጠዋት ትልቁ አደባባይ ጋ መሰላል ላይ ሆኖ የመምህሩን ባነር ሲያስር የመምህሩ አጀብ መጣ። ሦስተኛው መኪና እግረኛ መንገድ ላይ ወጣና መሰላሉን መታው። አልቆመም። ሰዎች በታክሲ እኛ ሆስፒታል፣ አንሶላ የማጥብበት፣ አደረሱት። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

በማግስቱ ቤቴ ሰው ሞልቶ ሳለ አንዱ ስልኩ ላይ አንተ የምትሠራበትን ራዲዮ ከፈተ። «ጠጥቶ የነበረ አንድ ግለሰብ መንገድ ውስጥ በመግባቱ በደረሰ አደጋ ሕይወቱ አልፏል፤ ዕጩው ጉዟቸውን ቀጥለው ለደጋፊዎቻቸው ንግግር አድርገዋል» አለ። ከዚያ ወደ አየር ጠባይ አለፈ። ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የማንንም ፊት አላየም።

ቀጮ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። መሰላል ላይ የሚውል ሰው ነው፤ ደግሞም አባቱን ያየ ልጅ ነው። አባቱ በምን እንደሞተ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ለዚህ ነው ቶሎ ያመኑት። ከቀብር ስንመለስ ከኋላዬ «እንደ አባቱ» ሲባል ሰማሁ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ጠጥቶ አልነበረም ብላችሁ አንብቡልኝ። ሌላ አልጠይቅም። ገንዘብ እንዳትልክ።

ይህን የጻፍኩት በአራት ቀን የምሳ ሰዓት ነው፣ አንሶላ የምናጣጥፍበት ጠረጴዛ ላይ። ያኔ ግድግዳችን ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ጮኸህ ስታነብ ጋዜጤ ያልኩህ እኔ ነኝና፣ ይህን ለማን እንደምል ሌላ ሰው አላወቅኩም።

ዕድሜ ይስጥህ።
እትዬህ


ኅዳር 26 ቀን

ለውድ እትዬ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎት፤ እሱንም በመልካም ቦታ ያሳርፍልን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆነ። በየቀኑ መልስ ልጽፍ እቀመጥና እነሣለሁ። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ታናሽ ወንድሜ ሞተ አልኳት። ታናሽ ወንድም እንደሌለኝ ታውቃለች።

ያነሱትን ጉዳይ በሚመለከት፣ ዜናው ከዕጩው የምርጫ ቢሮ በወጣ መግለጫ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እንዲህ ያለ ዘገባ እንዲታረም የጽሑፍ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃ ካለ የሚመለከታቸውን አነጋግራለሁ። በምርጫ ሰሞን የዜና ክፍል ሥራ እንዴት እንደሚጣደፍ በሩቅ ላለ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። መግለጫ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ይተረጎማል፣ ይነበባል፤ ወዲያው ሌላ ይመጣል።

አይላክ ብለዋል፤ ቢሆንም ለመቃብሩ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። እባክዎ አይቀየሙኝ።

ሕፃኗ መራመድ ጀምራለች። እጅዎን በክብር እስማለሁ።

ጋዜጤ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለጋዜጤ፣

እንደምን አለህ? ልጅህ መራመዷን ሳነብ ደስ አለኝ ብዬ እጽፍ ነበር። ፈጣሪ እግሯን ያጽናላት። እኔ እንደነበርኩ ነኝ።

ደብዳቤህ የተማረ ሰው ደብዳቤ ነው። «በሚመለከት» አለበት፣ «የሚመለከታቸው» አለበት። የእኛ አለቃም ፈቃድ ስትከለክለን እንደዚያ ነው የምትጽፍልን።

ማስረጃ ያልከውን ልኬልሃለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ። ካርድ ክፍል የምትሠራዋን ልጅ ለመንኳት። «እትዬ፣ እኔ አላየሁዎትም» ብላ ወረቀቱን ኮፒ ማሽኑ ላይ ትታው ወጣች። ኮፒ ማሽን ነክቼ አላውቅም፤ ሦስት ነጭ ወረቀት ካወጣሁ በኋላ መጣልኝ። ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ የሚሞላለት ቅጽ ነው። ከታች ወደ ላይ ስትቆጥር አራተኛው መስመር ላይ «የአልኮል ሽታ» ይላል። ሐኪሙ በእጁ «የለም» ብሎ ጽፏል። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ሐኪሙ ልጁ የማን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ አውቆ አልጻፈልኝም።

እኔም አላወቅኩም ነበር። ከድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ደም ያለበት አንሶላ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው አይለቅም። የዚያን ቀን ሦስት ከረጢት መጣ። ዘፈዘፍኩት። ምሳ ልበላ እጄን ስታጠብ ነው የጠሩኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቀጮ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት በሲሚንቶው ስብሰባ ላይ አጥር ወድቆ አንዲት ተማሪ ሞታ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስለ እሷ አወራችሁ። እናቷ ተናገረች፣ ጓደኞቿ ተናገሩ፣ የዕጩው ማንነት በዚህ ታየ ተባለ። እኔም እያጣጠፍኩ አልቅሼላታለሁ። ሲሚንቶው አፉ ክፉ ነው፤ ልመርጠው አላሰብኩም። ልመርጥ የነበረው መምህሩን ነው። ግን የሷ እናትም እናት ናት፣ እኔም እናት ነኝ፤ የሷም ልጅ በዕጩ ምክንያት ሞተች፣ የእኔም ልጅ በዕጩ ምክንያት ሞተ። ካውያ የምንላት፣ መተኮሻ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ ለአፏ ስንል ነው ስሙን ያወጣንላት፣ ምን አለች መሰለህ? «የመምህሩ ማስነጠስ ንግግር ነው፣ የሲሚንቶው ማስነጠስ ወረርሽኝ ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ያንን ዜና የጻፈውን ሰው ካወቅከው አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ማንን ጠይቆ ነው ጠጥቶ ነበር ያለው? ልቆጣው አይደለም። ማወቅ ነው የምፈልገው።

ሰላም ሁን።
እትዬህ


ጥር 2 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወረቀቱ በሰላም ደርሷል። አራተኛውን መስመር አይቼዋለሁ።

ወደ አለቃዬ ይዤው ገባሁ። የተባባልነውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ። ወረቀቱን አነበበችና «እናትየዋ የማን ደጋፊ ናት?» አለችኝ።

«የማንም። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት።»

«ማን ነው ወደ አንተ የላካት?»

«እሷ ቤት ነው የተማርኩት።»

«እንግዲያውማ አንተ በዚህ ጉዳይ ውስጥ መግባት የለብህም» አለች። ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ምርጫው ሁለት ወር ነው የቀረው። ይህን አሁን ብናነበው ማን እንደሚጠቀምበት አንተም ታውቃለህ። ይለፍ፤ ጊዜው ሲሆን እናየዋለን።»

ሲሚንቶው ቢሆን ይለፍ ትይኝ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ክፉ ሰው አይደለችም። ልጄ የተወለደች ጊዜ አበባ ይዛ ሆስፒታል ድረስ መጥታልናለች።

ክፍላችን ውስጥ ግድግዳ ላይ የቃላት ዝርዝር ተለጥፏል። ከሲሚንቶው ስም በፊት «አወዛጋቢው» ይገባል፤ ከመምህሩ ስም በፊት «የለውጥ አራማጁ»። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ እኔ ስቀጠርም ነበረ። በመስከረም ሁለቱም ዕጩዎች ካሸነፍን ዳኞቹን እናነሣለን ብለው ነበር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። የሲሚንቶውን «ዛተ» ብለን አወጣነው። የመምህሩን «ቃል ገባ» ብለን። ሁለቱንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሁለቱ አንድ ነገር እንደተናገሩ እንኳ አላስተዋልኩም።

የጻፈውን ሰው በሚመለከት፣ ተረኛው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ማን እንደነበረ ለማወቅ አዳጋች ሆኗል።

ራስዎን ይጠብቁ። ብርድ ላይ አይቁሙ።

ጋዜጤ


ጥር 24 ቀን

ለጋዜጤ፣

ለአንተም ለቤተሰብህም ጤና ይስጥልኝ። እኔ አለሁ።

ሳልነግርህ ያደረግኩትን ልንገርህ። የሲሚንቶው ቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። አንዲት ወጣት ማይክ ይዛ፣ አንድ ካሜራ የተሸከመ ሰው ተከትሏት፣ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ።

«እትዬ፣ እውነቱን እናወጣለን» አለችኝ።

«ጠጥቶ አልነበረም ትላላችሁ?»

«ዋናው እሱ አይደል እንዴ?» አለች።

ቤት ወሰድኳቸው። ፎቶውን ሰጠኋቸው፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰበትን። የማን ደጋፊ እንደነበረ ጠየቀችኝ። ባነር ሰቃይ ነው አልኳት። «የእኛን ይሰቅል ነበር አይደል?» አለች። «የእናንተንም ይሰቅል ነበር፣ የመምህሩንም ይሰቅል ነበር፤ የሞተውም የመምህሩን ሲሰቅል ነው» አልኳት።

ጎረቤት ቤት ሄጄ አየሁት። «የእናንተንም ይሰቅል ነበር» ስል ያሳያሉ፤ የቀረው የለም። ለዓላማው የተሰዋ ወጣት ነው አሉ። ፎቶውም መጣ። ሸሚዙ አረንጓዴ ሆኗል። የሲሚንቶው ቀለም አረንጓዴ ነው። ያንን ሸሚዝ እኔ ነኝ የማጥበው፤ ሰማያዊ ነው።

ጠጥቶ አልነበረም ብለዋል። እሱንስ ብለዋል። ጎረቤቴ ትከሻዬን ይዛ «ይኸው ተባለልሽ» አለችኝ። ግን የተባለው ለዚያኛው ልጅ ነው፣ አረንጓዴ ለለበሰው።

በሦስተኛው ቀን የእናንተ ራዲዮ ተነሣ። «አወዛጋቢው ዕጩ የሐዘንተኛ እናትን እንባ ለምርጫ ቅስቀሳ ተጠቀመ» አለ። ከቴሌቪዥኑ የቀዱት ድምፄም አለበት። አንድ ምሁር መጣና ስለ እኔ አስረዳ። የመረጃ እጥረት ያለባቸው ወገኖች በቀላሉ መጠቀሚያ ይሆናሉ አለ። ካውያ በስልኳ ሰዓት ይዛ ነበር። አራት ደቂቃ ከጥቂት ነው። «ይኼ ሰውዬ አንቺን የት ያውቅሻል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

እኔ ካሜራ ፊት አላለቀስኩም። ፊቴ ደረቅ ነበር። እንባውን ከየት እንዳመጡት አይገባኝም።

በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ቀጮን «አደጋ የደረሰበት ግለሰብ» አሉት። ጠጥቶ አልነበረም የምትለዋ የለችበትም። ወረቀቱ እናንተ ጋ ነው። አራት ደቂቃ አግኝታችሁ ነበር።

በታኅሣሥ የጠየቅኩህን መልሼ እጠይቅሃለሁ። ያ ሰው ማንን ጠይቆ ነው?

እትዬህ


የካቲት 14 ቀን

እትዬ፣

ማንንም አልጠየቅኩም።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተረኛው እኔ ነበርኩ። ዜናው ሊነበብ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው መግለጫው መጣ። ስም የለበትም፤ «የጠጣ መንገደኛ» ነው የሚለው። የከተማውን ስም መግለጫው ላይ አይቻለሁ፣ አደባባዩንም አውቀዋለሁ፤ በዚያ ነበር ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው። ተርጉሜ ለአንባቢው ሰጠሁት። ሻይ ይዤ ነበር፤ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ስለ ተማሪዋ ሞት አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ለፖሊስ፣ ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤቷ፣ ለእናቷ ሁለት ጊዜ። የሲሚንቶው ቢሮ አጥሩን የገፋው ሕዝቡ ነው ሲል «ቢሮው ይህን ይበል እንጂ» ብዬ ነው የጻፍኩት። የመምህሩ ቢሮ የተናገረውን ግን እኔ ራሴ ያየሁት አስመስዬ ገለበጥኩት። ያዘዘኝ የለም። አለቃዬ በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥም አልነበረችም። መምህሩ እንዲያሸንፍ እፈልግ ነበር፤ የምትፈልገው ሰው የተናገረውን ለማጣራት ስልክ አይነሣም፣ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

የልብስ ማጠቢያ ክፍላችሁ ስልክ ዛሬም በቃሌ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፍ ስንረሳ እርስዎን የማስጠራበት ቁጥር። ደውዬ ቢሆን ኖሮ ስልኩ እርስዎ አጠገብ ይጮህ ነበር።

በታኅሣሥ ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ለመጻፍ አፈርኩ፤ ግን ሌላ ቃል አላውቅም።

ጋዜጤ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለጋዜጤ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጅህ አሁን ትሮጥ ይሆናል። ፈጣሪ ከእንቅፋት ይጠብቃት።

የየካቲት ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ስለ እሱ አሁን አልጽፍም።

የተማሪዋን እናት ሄጄ አየኋት። ገበያ ውስጥ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው የምትሸጠው። ከሩቅ ቆሜ ሳያት ቆየሁ።

«የባነሩ ልጅ እናት ነሽ» አለችኝ። «በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ። ቲማቲም ነው የፈለግሽው ወይስ እኔን?»

«አንቺን።»

«እንግዲያው ተቀመጪ፤ ሳጥኑ ይችልሻል።»

ተቀመጥኩ። ሰው መጥቶ ሽንኩርት ገዛ። ከዚያ «ላንቺ ልጅ አሥራ አንድ ቀን ነው ያወሩላት» አልኳት። «ቀንቼብሽ ነበር።»

«ላንቺ ስንት አወሩልሽ?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር። በኋላ አራት ደቂቃ፤ እሱም ስለ እኔ ነው።»

«አትቅኚ» አለች። «የመጀመሪያ ቀን የመጣው ልጅ ማይኩ አልቀዳም ብሎ እንደገና አናገረኝ። 'ቅድም እንዳሉት አድርገው ይበሉት' ይለኛል። ቅድም ምን እንዳልኩ በምን አውቄው? ዝም ብዬ አለቀስኩለት። ደስ አለው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የትኛው ዕጩ ስብሰባ ላይ እንደሞተች ጠየቁኝ። ምን ትወድ እንደነበር የጠየቀኝ የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኔ ደወልኩ፤ አጥሩን ያቆመው ሰው ተከሰሰ ወይ ብዬ። አያነሡም። ምርጫው ካለቀ ወዲህ ደግሞ ቁጥሩም አይሠራም።»

«ማንም አላነሣም?»

«ከውጭ የሚደውል አንድ ትሑት ልጅ ነበር። እትዬ እትዬ የሚል። እሱም ጠፋ።»

አውቀዋለሁ አላልኳትም።

ስነሣ ቲማቲም ቋጥራ ሰጠችኝ። ልጅቷ ምን ትወድ እንደነበር ጠየቅኳት። መዋኘት ነው አለች። ወንዝ በሌለበት ሰፈር።

ምርጫው አለፈ። እኔ አልሄድኩም፤ የዚያን ቀን ተረኛ ስለነበርኩ አንሶላ አጣጠፍኩ። መምህሩ ማሸነፉን ሰምተሃል፤ እናንተ ናችሁ ቀድማችሁ የነገራችሁን። አለቃህ ምርጫው ይለፍ ብላ ነበር። አልፏል። የጠየቅኩህ ያው አንዱ ነገር ነው።

እትዬህ


ሚያዝያ 21 ቀን

ለውድ እትዬ፣

ፈጣሪ ከእርስዎ አይራቅ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ወደ አለቃዬ ገባሁ። «ስድስት ወር አለፈው እኮ» አለችኝ። «ሰውየው ተመርጧል። አሁን ይኼ ምኑ ነው ዜና?» ከምርጫው በፊት ጊዜው አልደረሰም፤ ከምርጫው በኋላ ጊዜው አልፏል። በመካከል ጊዜው የነበረበትን ቀን ስፈልግ ነበር። የለም።

ባለፈው እሑድ የጠዋቱን ዜና የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ከመጨረሻው ዜና ቀጥሎ፣ ከአየር ጠባዩ በፊት አስገባሁት። አንባቢው ወረቀቱን አገላብጦ «እሷ አልፈረመችበትም» አለኝ።

«እኔ ፈርሜበታለሁ።»

«ታዲያ የሚጠየቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ አልኩህ። ሰዓቱ ደርሷል፣ ግባ» አልኩት። ገባና አነበበው። ሰምተውት እንደሆነ ስለማላውቅ እንዳለ ገልብጬ እልክልዎታለሁ። ስሙ ከነአባቱ ስም መጀመሪያ ላይ ተነቧል፤ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

«ይህ ጣቢያ ጥቅምት ሃያ ቀን ባቀረበው ዜና፣ የሃያ ስድስት ዓመቱ ወጣት ጠጥቶ መንገድ ውስጥ በመግባቱ እንደሞተ ተናግሯል። ይህ ስሕተት ነው። ወጣቱ ጠጥቶ አልነበረም፤ የሆስፒታል ማስረጃው ይህንን ያሳያል። መንገድ ውስጥም አልገባም። በእግረኛ መንገድ ላይ በቆመ መሰላል ሆኖ ባነር ሲሰቅል፣ አሁን ምርጫውን ያሸነፉት ዕጩ አጀብ መኪና ገጭቶ ገድሎታል። መኪናው አልቆመም። ዘገባውን ያዘጋጀው ጋዜጠኛ ማንንም ሳይጠይቅ ነው የጻፈው።»

ሰኞ ጠሩኝ። ያለ ፈቃድ ዜና አስገብተሃል፣ ዘመድ ባለበት ጉዳይ እጅህን ከትተሃል ተባልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። እስኪወስኑ ድረስ ቤት እንድቀመጥ ነግረውኛል። አለቃዬ እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝና «ቀድመህ ብትነግረኝ» አለች። ነግሬያት ነበር አላልኳትም። ባለቤቴ እንደሚመልሱኝ ታስባለች። እኔ አላስብም።

ቀን ቀን ልጄን ይዤ እውላለሁ።

ጋዜጤ


ግንቦት 9 ቀን

ለጋዜጤ፣

እንደምን አለህ? ባለቤትህን አይዞሽ በልልኝ። ፈጣሪ የዘጋውን በር በሌላ ይክፈትላችሁ።

ሰምተነዋል። እሑድም ስለምንሠራ ማጠቢያው ክፍል ነበርን። የአባቱን ስም ሳይጨርስ ካውያ መተኮሻ ማሽኑን አጠፋችው። ማሽኑ ጨርቅ ይዞ አይጠፋም። አንድ አንሶላ አረረ። አለቃችን ሽታው ሸቷት መጣች፤ በር ላይ ቆማ እሷም እስከ መጨረሻው ሰማች። ያረረውን አንሶላ አልመዘገበችብንም።

ከዚያ ስለ አየር ጠባይ አወራ። ማሽኑን መልሰን አበራነው።

ከሰፈር የሰማ ሦስት ሰው ነው። ለጎረቤቴ ያንተን ጽሑፍ አነበብኩላት፤ «እኔ ድሮም አላመንኩም» አለች። አምና ነበር። ሌሎቹ እንደ አባቱ ማለታቸውን ይተዉ አይተዉ አላውቅም። ፊት ለፊቴ አይሉትም። መስማቴን ግን ሰምቻለሁ። የሆነ ነገር ይቀለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ገና አልቀለለኝም፤ ግን የምጠብቀው ነገር ስላለቀ ማለዳ ስነሣ ራዲዮ አልከፍትም።

ለየካቲት ደብዳቤህ የምጽፈው አሁንም አላገኘሁም። ሳላገኝም እጽፍልሃለሁ፤ አንተም አታቋርጥ። ሥራህ በእኔ ምክንያት ስለሄደ አዝኛለሁ። በእኔ ምክንያት ነው ማለቴ ትክክል አይደለም፤ ቢሆንም አዝኛለሁ።

ጽሑፉን ስታዘጋጅ ግን እኔን አልጠየቅከኝም። አንድ ስሕተት አለበት። ሃያ ስድስት ዓመት ብለሃል። ሃያ ስድስት የሚሞላው በየካቲት ነበር። አንተ እስከ ዛሬ ድረስ ቆጥረህለት ነው። እኔም እቆጥርለታለሁ። በየካቲት፣ ለማንም ሳልናገር፣ ዛሬ ሃያ ስድስት ሆነው ብያለሁ።

ነገር ግን ዜና ነው። ሃያ አምስት በል። ጣቢያው እንደማይቀበልህ አውቃለሁ፤ በእጅህ አስተካክለህ ጻፈውና ለእኔ ላከው።

እትዬህ